የጦር ሜዳ ወታደር፣ የሯጮች አባት፤ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ወደ አዕምሮ የሚመጣው በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው የክቡር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ ነው። ከዚህ ጀግና ጀርባ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ጨብጠው በመንገድ ዳር የቆሙት አሰልጣኝ ግን ከባለሙያዎች ውጪ ብዙም ሲነገርላቸው አይሰማም። እኚህ ሰው በበረዶማው የሰሜን አውሮፓ የጦር ግንባር የተዋጉ፣ ከዚያም ጠመንጃቸውን አስቀምጠው የኢትዮጵያን ወጣቶች ሩጫና የአካል ማጎልመሻ በማስተማር ረጅም ዘመናቸውን ያሳለፉት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ናቸው።

ሻለቃ ኒስካነን በ1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1910) በፊንላንድ ተወለዱ። ያደጉት ግን ቤተሰቦቻቸው ተሻግረው በኖሩባት በስዊድን ነው። በዚህም ምክንያት የትውልድ ሀገራቸው ፊንላንድ፣ ያሳደገቻቸው ደግሞ ስዊድን ሆነች። ሦስተኛዋና ብዙ የሥራ ዘመናቸውን የሰጧት ሀገር ኢትዮጵያ እንደምትሆን በወጣትነታቸው የሚገምት አልነበረም።

በኅዳር ወር 1932 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት በፊንላንድ ላይ ጦርነት ስትከፍት፣ በአካባቢው ሀገሮች ዘንድ ከፍተኛ ቁጣ ተቀሰቀሰ። የክረምቱ ጦርነት በሚል ስያሜ የሚታወቀው ይህ ውጊያ 105 ቀናት የፈጀ ሲሆን፣ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ሕዝብ እጅግ ግዙፍ ከሆነ ጦር ጋር በጥልቅ በረዶ ውስጥ የተፋለመበት ነበር። ከስዊድን ብቻ ከ8 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ወደ ፊንላንድ ዘምተዋል። የትውልድ ሀገራቸው ስትወረር ዝም ብለው መመልከት ያልቻሉት ኒስካነንም በፈቃዳቸው ዘምተው በዚያ ጦርነት ተሳትፈዋል።

በዚያን ጊዜ ለፊንላንድ ከዘመቱት ስዊድናውያን መካከል ከኢትዮጵያ ጋር ቀድሞ የተዋወቁ ሰዎች መኖራቸው ልብ ሊባል ይገባል። የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ያቋቋሙት ቪኪንግ ታም አንደኛው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አውሮፕላን የቆሰሉ ኢትዮጵያውያንን ያመላለሱት ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ደግሞ ሌላው ሲሆኑ፣ በፊንላንድም በአውሮፕላን አብራሪነት ተዋግተዋል። ቮን ሮዘን ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያደራጁ ሲሆን፣ በኋላም በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወቅት ጎዴ ላይ ሕይወታቸው አልፏል። ኃያሉ ደካማውን ሲወር ከደካማው ጎን መቆም ለእነዚህ ሰዎች በፊንላንድና በኢትዮጵያ ምድር አንድ ዓይነት ትርጉም ነበረው።

ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት የፋሽስት ጣሊያን ወረራ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የተማረ የሰው ኃይሏ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። የሆለታ ዕጩ መኮንኖችና በውጭ ሀገር የተማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ በጦር ሜዳና በጭፍጨፋ አልቀዋል። መንግሥት ሠራዊቱን፣ አየር ኃይሉንና ትምህርት ቤቶቹን መልሶ ለማቋቋም ሲነሳ፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያልነበራትን ስዊድንን የባለሙያ ምንጭ አድርጎ መረጠ። ኦኒ ኒስካነንም እ.ኤ.አ. በ1946 ከመጡት ስዊድናውያን አንዱ በመሆን የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። በወቅቱ የሠላሳ ስድስተኛ ዓመት ዕድሜያቸውን ይዘው ነበር።

የመጀመሪያ ተግባራቸው የክቡር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን የአካል ብቃት ማሠልጠን ነበር። ከዚያም አልፈው በትምህርት ሚኒስቴር የአካል ማጎልመሻ ትምህርትን በኃላፊነት መርተዋል፤ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ውስጥም አገልግለዋል። በዚያ ዘመን የአካል ማጎልመሻ ትምህርት በብዙዎች ዘንድ እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ትምህርት አይታይም ነበር። ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ፊደል እንዲቆጥርና ለሥራ እንዲበቃ እንጂ በሜዳ ላይ ሲሮጥ እንዲውል አልነበረም። ሻለቃ ኒስካነንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሊለውጡት የተነሱት ይህንኑ አመለካከት ነው።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ነበር። በኋላ ስሙ የገነነው ማሞ ወልዴ በዚያ ውድድር በ800 እና በ1 ሺህ 500 ሜትር ቢሮጥም ለሜዳሊያ አልበቃም። ሌሎቹም ኢትዮጵያውያን ተወዳዳሪዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ውጤቱ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳይሆን ትምህርት የሚሰጥ ሆነ። የኢትዮጵያውያን ኃይል በረጅም ርቀት እንጂ በአጭር ርቀት እንዳልሆነ፣ ኃይሉም ሥልት ያለው ዝግጅት እንደሚሻ የተገነዘቡ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ ማራቶን አዞሩ።

በዚህ ጊዜ ነው የአሰልጣኙ ዓይን አንድ ቀጭን ወታደር ላይ ያረፈው። አበበ ቢቂላ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በተባለች መንደር ተወልዶ፣ በክቡር ዘበኛ በወታደርነት የተቀጠረ ወጣት ነበር። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ በየዕለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር ይነገራል። ኒስካነን ይህን ወታደር ከሌሎች ጓዶቹ ጋር ወደ መደበኛ ሥልጠና አስገቡት። ሥልጠናው ረጅም መንገድ መሮጥን፣ በመካከሉ ፍጥነትን መጨመርና መቀነስን፣ የአካል ማፍታቻ እንቅስቃሴንና በሰዓት የተመዘገበ ክትትልን ያካተተ ነበር። ስካንዲኔቪያውያን በጫካ ሩጫ ያዳበሩት ዘዴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአዲስ አበባ አየርና ከወታደሩ ጽናት ጋር ሲገናኝ ውጤቱ በአጭር ጊዜ መታየት ጀመረ።

በሐምሌ ወር 1952 ዓ.ም. ገደማ አበበ የመጀመሪያውን የማራቶን ውድድር በአዲስ አበባ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ በተደረገው ውድድር ደግሞ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አጠናቀቀ። ይህ ሰዓት ታላቁ የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። በከፍታ ቦታ የተመዘገበው ይህ ውጤት ከአዲስ አበባ ውጪ የሰማው ሰው ብዙም አልነበረም፤ ሰዓቱን የያዙት አሰልጣኝ ግን ምን እንዳዩ በሚገባ ያውቁ ነበር። ለሮም ኦሊምፒክ ማራቶንም አበበ ቢቂላና አበበ ዋቅጅራ ተመረጡ።

ሮም እንደደረሱ አሰልጣኙና ሯጩ ውድድሩ የሚካሄድበትን መንገድ አስቀድመው አጠኑት። በመጨረሻው ክፍል፣ ከመድረሻው ከሁለት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ አንድ የቆመ ድንጋይ አገኙ። ይህም የሙሶሊኒ ጦር በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ዘርፎ ወስዶ በፖርታ ካፔና አደባባይ ያቆመው የአክሱም ሐውልት ነበር። ከሐውልቱ በኋላ መንገዱ ለሯጭ የሚመች መሆኑን በማየት፣ አበበ ተፎካካሪዎቹን ጥሎ የሚወጣው እዚያ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ስልቱ ከመንገዱ አቀማመጥ የመነጨ ቢሆንም፣ የቦታው ትርጉም ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የጫማው ጉዳይም የተወሰነው በዚያው ነው። በሮም የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልመች በማለታቸው፣ አበበ በልምምዱ እንደለመደው በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተስማሙ። በኋላ ብዙዎች ይህን የድህነት ምልክት አድርገው ቢጽፉትም፣ ውሳኔው በአሰልጣኝና በሯጭ መካከል ተመክሮበት የተደረሰበት የሙያ ውሳኔ ነበር። እግሩ ተላልጦ ከሚያቆመው ጫማ ይልቅ የሚያውቀው የእግሩ መዳፍ ይሻለው ነበርና።

ውድድሩ የተካሄደው ቅዳሜ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960) በምሽት ነበር። በሀገር ቤት የ1953 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ኒስካነን ከመነሻው በፊት ሊጠብቋቸው የሚገቡ ተፎካካሪዎችን ለአበበ ነግረውት የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ የመለያ ቁጥሩ 26 እንደሚሆን የተገመተው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። ራዲ ግን በሌላ ቁጥር፣ በ185 ሮጠ። አበበ ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ቁጥር 26ን ከፊት እየፈለገ ብዙ ኪሎ ሜትሮችን ተጓዘ። ችቦ በያዙ ወታደሮች ብርሃን በሚታየው የጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። አክሱም ሐውልቱ አጠገብ ሲደርሱ አበበ እንደታቀደው ፍጥነቱን ጨመረ።

የክቡር ዘበኛው ወታደር በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ሰዓቱ 2፡15፡16.2 ያሳይ ነበር። ይህም በዚያው ውድድር አምስተኛ የወጣው ሶቭየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት ከነበረው የዓለም ፈጣን ሰዓት በሰከንድ ክፍልፋይ የተሻለ ነው። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሁለተኛ ሲሆን፣ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከወረረች ከ25 ዓመታት በኋላ፣ ወራሪው ጦር በተሸኘባት ከተማ የኢትዮጵያ ወታደር ያለ ጠመንጃ ድል አደረገ። በመንገዱ ዳር የነበሩት አሰልጣኝም በሕይወታቸው ሌላ የወረራ ጦርነት ያዩ ሰው ነበሩና፣ የድሉን ክብደት ለመረዳት ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም ነበር።

ደስታው ግን ብዙም ሳይቆይ በጭንቅ ተተካ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። ኒስካነን ያሠለጠኗቸው ወታደሮች የሚገኙበት ክፍል በአንድ ቀን ከሀገሪቱ ከፍተኛ የክብር ሠራዊትነት ወደ ተጠርጣሪነት ወረደ። የሮሙ ጀግናም ከታሰሩት አንዱ ሆኖ፣ በኋላ ተለቀቀ። ሙከራው ከሽፎ ጄኔራሉ በስቅላት ሲቀጡና ክፍሉ ሲበተን፣ የሀገሪቱ የሩጫ ተስፋ በሙሉ በአንድ የጦር ክፍል ላይ የተመሠረተ እንደነበር በግልጽ ታየ። ሥልጠናው ግን አልተቋረጠም። አበበ በ1953 ዓ.ም. በአቴንስና በኦሳካ፣ በተከታዩ ዓመት መግቢያ ደግሞ በቼኮዝሎቫኪያዋ ኮሺሴ አሸነፈ።

አሰልጣኝነት ድል ብቻ አይደለም። በሚያዝያ ወር 1955 ዓ.ም. አበበና ማሞ በቦስተን ማራቶን ሲሳተፉ ከመነሻው ጀምሮ በፈጣን እርምጃ ቢመሩም፣ በቀዝቃዛው ነፋስና በመጨረሻዎቹ ኮረብታዎች ጡንቻቸው ተሸነፈ። አበበ አምስተኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ጨረሱ። ይህ አበበ ጨርሶ ሳያሸንፍ የቀረበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ማራቶን ነበር። የቶኪዮ ኦሊምፒክ እስኪደርስ የቀረው ጊዜም ከአንድ ዓመት ተኩል አይበልጥም ነበር።

በዚህ ላይ ያልታሰበ ነገር መጣ። ከቶኪዮው ማራቶን አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለሌላ ሯጭ ቢሆን የኦሊምፒክ ተስፋ በዚያው ያበቃ ነበር። አሰልጣኙ ከባድ ምርጫ ፊታቸው ተደቀነ። ሯጩን ቢያስቀሩት ሀገር ያዝናል፤ ቁስሉ ሳይጠግግ ቢያሮጡት ደግሞ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣሉ። የተመረጠው መንገድ ትዕግሥት ነበር። አበበ በሆስፒታሉ ግቢ በቀስታ መንቀሳቀስ ጀምሮ፣ እያነከሰ ቶኪዮ ደረሰ፤ እዚያም ልምምዱ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ተደረገ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ቶኪዮ ላይ ሮጠ። ከግማሽ መንገድ በኋላ ብቻውን ሆነ። ስታዲየም የገባው በ2፡12፡11.2 አዲስ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሲሆን፣ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስመሩን እንዳለፈም ሣሩ ላይ ተኝቶ የአካል ማፍታቻ መሥራት ጀመረ። ተመልካቹን ያስገረመው ይህ እንቅስቃሴ በክቡር ዘበኛ ሜዳ በየማለዳው ሲሠራው የኖረው የሥልጠናው አካል ነበር።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ውድድሩን አቋረጠ። ይሁን እንጂ ዕዳው ለጓዱ ተላለፈ። በሜልቦርን ያለ ሜዳሊያ የተመለሰው ማሞ ወልዴ ከ12 ዓመታት በኋላ፣ ተከታዩን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ማራቶኑን አሸነፈ። ኢትዮጵያ በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች የማራቶን ባለድል ሆነች። በዚያን ጊዜ የሥልጠናው ኃላፊነት በሀገር ልጆች እጅ መግባት ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ራሱ በሜልቦርን የሮጠው ንጉሤ ሮባ በተከታዮቹ ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ ታላቅ አሰልጣኝ ለመሆን በቅቷል። የውጭ ሀገር አሰልጣኝ የሥራው ፍሬ የሚለካው እርሱ ሲርቅ ሥራው በመቀጠሉ ከሆነ፣ የሻለቃ ኒስካነን ሥራ መለኪያውን አልፏል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አሳዛኝ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ በሸኖ አቅራቢያ የሚነዳት ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ ዳግም በእግሩ መቆም ግን አልቻለም። ሆኖም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በበረዶ ላይ የሚካሄደውን ግጥሚያ አሸነፈ። ከሰሜን አውሮፓ በረዶ የመጣ ሰው ያሠለጠነው የሸዋ ልጅ በዚያው በረዶ ላይ የመጨረሻ ድሉን አገኘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኝቶታል።

ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ከታላቁ ተማሪያቸው በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖረው በ1976 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በእርሳቸውና በአበበ መካከል የነበረው ግንኙነት በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ባዘጋጁት በአበበ ሕይወት ላይ በተመሠረተ ፊልም ለተመልካች ቀርቧል። የሮሙ ድል መንገድ ጠቋሚ የነበረው የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ቦታው ዳግም ቆሟል።

የእኚህን አሰልጣኝ ድርሻ አጋኖ መናገር ተገቢ አይሆንም። አበበንና ማሞን የፈጠረቻቸው ደጋማዋ ሀገራቸው፣ የገጠር አስተዳደጋቸውና የራሳቸው ጽናት ነው። የሮጡት እነርሱ፣ የደሙትም የእነርሱ እግሮች ናቸው። የድርሻቸውን መዘንጋት ግን ሌላው ስህተት ነው። ተፈጥሮ የሰጠችውን ኃይል በሰዓት መለካት፣ መንገድን አስቀድሞ ማጥናት፣ የታመመን ሯጭ ሳይቸኩሉ ማስነሳትና ሽንፈትን እንደ ትምህርት መቀበል ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ዕውቀት ሲሆን፣ ይህን ዕውቀት በኢትዮጵያ ከዘሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሻለቃ ኒስካነን ናቸው።

ቀነኒሳ በቀለን ጨምሮ የበርካታ ዓለም አቀፍ ሯጮች መነሻ በሆነችው በአርሲዋ በቆጂ፣ ታዳጊዎቹን ያበቁት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የአካል ማጎልመሻ መምህር መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ከበቆጂ እስከ ወላይታ ሶዶ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መቀሌ፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ማለዳ ተነስቶ ተማሪዎቹን የሚያሠለጥን መምህር ሁሉ የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። ከእነዚህ መምህራን ብዙዎቹ በስማቸው ሐውልት አይቆምላቸው ይሆናል። የድካማቸው ምስክር ግን፣ ሻለቃ ኒስካነን በሮም ምሽት እንዳዩት ሁሉ፣ ከፊት ቀድሞ የሚሮጠው ተማሪያቸው ነው።